ለቅሶ የሌለበት መንገድ

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ሌላ ጨዋታ የላቸውም። «እምዬ፣ ያን ሳንደርስ የተመለስነውን ጉዞ ይንገሩን፤ እንጽፈዋለን» ይሉኛል። አብረውኝ ነበሩ እኮ! በዓይናቸው ያዩትን ከእኔ አፍ መስማት ለምን እንዳማራቸው እንጃ። እነሱ አድገው ያን ቀን እያነሡ ይስቃሉ። እኔ ግን ባነሣሁት ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ሴቷ ልጅ ትጽፋለች። ከእኔ ያልወጣ ቃል ከጨመረችበት ራሷ ትጠየቅበት።

ነገሩ የተጀመረው ባሕር ዳር፣ ሴት ልጄ ቤት ነው። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ስማዳ ተወልጄ ጋይንት ተዳርኩ፤ ባሌ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ስዞር ነው የምኖረው። «ዙረታሟ መጣች» ብለው ነው የሚቀበሉኝ። ያን ጊዜ ሴቷ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ወንድሟ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ስልኳን ይዛ መጣች።

«እምዬ፣ በጣሊያን ጊዜ ሕዝብ የተሸሸገባቸው ዋሻዎች ስማዳ ውስጥ አሉ ይላል። እውነት ነው?»

«ማን ነው የሚል?»

«ስልኩ።»

«ስልኩስ ማን ነግሮት? አሉ እንጂ። እናቴም አንዱ ውስጥ ነበረች።»

ልጅቱ ብድግ አለች። ወንድሟን ጠራችው። ጓደኛው ሚኒባስ አለው፤ ነዳጁን ከሞላንለት ይወስደናል፤ ጠዋት ወጥተን፣ የጦርነቱን ቦታ ሁሉ ጎብኝተን፣ ማታ ቤታችን እንገባለን። እነሱ ይህን ሲያወሩ የእኔ እጅ ምስሩ ላይ ቀረ።

ምክንያቱን ልናገር። በጠላት ጊዜ አባቴ ጫካ ነበር። እናቴ የበኩር ልጇን ታቅፋ ከመንደሩ ሰው ጋር ዋሻ ገባች። ልጅቱ ገና በእግሯ አልሄደችም፤ ክርስትና ተነሥታ ጡት ላይ ያለች ናት። እዚያ ታመመችና ሞተች። ጠላት ከበታቻቸው፣ ወንዙ ዳር ሰፍሯል፤ ድምፅ ይሰማል ተብሎ ማንም እንዳያለቅስ ተከለከለ። እናቴ ስለ ዋሻው በጠየቅናት ቁጥር «ልጄ ሞተችብኝ» ትልና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። እኛ ልጆቿም መጠየቁን ተውነው። ያቺ ልጅ ታላቅ እህቴ ናት፤ እዚያው ድንጋይ ሥር እንደ ቀረች ነበር የማውቀው። ፍታት የላት፣ ተዝካር የላት፣ ለቅሶ የላት። እናቴ ካረፈች በኋላ ይህ ነገር ከእኔ ጋር ቀረ። ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ፣ ድምፄን ሳልደብቅ ላለቅስላት ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አይደለም።

ለልጆቹም ነገርኳቸው። ሴቷ እንባዋ መጣ፤ «እንዲያውም አሁን ግድ ነው» አለች። ከዚያ ፕሮግራም የሚሉትን ነገር ጀመሩ። ወይ ፕሮግራም!

መጀመሪያ ያወጡት በጋይንት ሄደን በእስቴ የምንመለስበትን ነው። ልጅቱ መንገዱን ስልኳ ላይ በጣቷ እየጎተተች ታሳየኛለች፤ እንደ ሰማያዊ ክር ቀጭን ነው። ደብረ ታቦር ቁርስ፣ ነፋስ መውጫ ሻይ፣ ቤተ ልሔምን ተሳልመን፣ ከዚያ ወደ ስማዳ።

«በጋይንትማ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን?»

«የልጄ አማት አርፋ ለቅሶ አልደረስኩም።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

«ዓምና።»

«ዓምና! እምዬ፣ ዓምና የሞተ ሰው እኮ…»

«ምን? ተነሣ?»

ወንድሟ ሣቀ። እሷ አልሣቀችም። የከተማ ልጆች ናቸው፤ ለቅሶ ማለት ድንኳን ሲተከል ሄደው፣ ድንኳኑ ሲነሣ የሚያበቃ ይመስላቸዋል። በእኛ አገር ያልደረስሽው ለቅሶ ዓመትም ቢሆነው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ሐዘንተኛዋ ሳታይሽ፣ አብረሽ ሳታለቅሺ፣ በመንደሯ በኩል ሽርሽር ካለፍሽ ግን ሙቷን እንደ ረገጥሽባት ነው። ልጆቿ ሳይቀሩ ይቀየሙሻል።

«እሺ፣ በእስቴ ሄደን በእስቴ እንመለስ» አለች።

«እስቴም የአጎቴ ልጅ ባሏ አርፎባታል። ቤቷ መካነ ኢየሱስ፣ መንገዱ ላይ ነው። እግሬን አሞኝ ነበር፣ አልሄድኩም።»

ወንዱ ልጅ ጭንቅላቱን ያዘ። «እምዬ፣ ለቅሶ የሌለበት መንገድ የለም?»

«ሰው የማይሞትበት አገር ካወቅህ በዚያ ውሰደኝ።»

«ለምን በስልክ አይደርሱም?» አለች ሴቷ። «ደውዬ አገናኝዎታለሁ። አሁን እኮ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው።»

«እንባዬንስ በየት በኩል ላፍስስላት?»

«እሺ፣ ስንመለስ እንግባላቸው። ሠላሳ ደቂቃ እመድባለሁ።»

ሠላሳ ደቂቃ! የአጎቴ ልጅ አፍንጫዋን ተናፍጣ እስክትጨርስም አይበቃ።

ይህን ሳንጨርስ ደግሞ ቀኑ መከራ ሆነ። መጀመሪያ የቆረጥነው ቀን የልጅቱ ፈተና ተዛወረና ቀረ። ቀጥሎ ሚኒባሱ ተበላሸ። ቀጥሎ ክረምት ገባ፤ የስማዳዋን ከተማ የወገዳን መንገድ በክረምት የሄደበት ሰው ያውቀዋል፣ መኪና ቀርቶ በቅሎ ትማርራለች። ፍልሰታ ሲገባ «ለእኛ በጾም አይመችም፣ መንገድ ላይ ምን እንበላለን» አሉኝ። የእኔ እናት ዋሻ ውስጥ ምን በልታ ነበር? አልተናገርኩም እንጂ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መስቀል አልፎ ብራ ሲሆን ደስ አለኝ፤ ልጁ ደግሞ የጓደኛው ሠርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ አለ። ዳቦ ቆሎ እቆላለሁ፣ ነጠላዬን አጥቤ አሰጣለሁ፣ ጧፍ እገዛለሁ፤ ጠዋት ስነሣ «እምዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ» ይሉኛል። ዳቦ ቆሎውን ቴሌቪዥን እያዩ ይጨርሱታል። ይጥማልም ይላሉ!

አንድ ቀን ምርር ብሎኝ፣ «ተዉት! እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አልኩ። ልጄ ከውስጥ ሰምታ፣ «በየትኛው ጉልበትሽ ነው ገደል የምትወርጂው? ከእነሱ ጋር ካልሆነ ንቅንቅ አትዪም» አለችኝ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ንቅንቅ የለም።

ለእነሱ ዋሻው የትም አይሄድባቸውም። እኔ ግን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ቀጭ ይላል። ዋሻውን የሚያሳየኝ ሰውም ጠፍቷል። የቀረችው የእናቴ ታናሽ እህት ብቻ ናት። ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ሆና አብራቸው ተሸሽጋለች፤ አሁን ወገዳ አጠገብ ትኖራለች። ስልክ የላትም፤ ቢኖራትም ጆሮዋ አይሰማም። ከእሷ ጋር የምንገናኘው ደግሞ ሰው ሲሞት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ እያለቀሰ ስለ ዋሻ አይጠየቅ። እሷ ካለፈች ማን አለኝ? ሌሊት ሌሊት ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ጠዋት ተነሥቼ ሳያቸው ደግሞ ስለ ኮፍያ ይነጋገራሉ። የትኛው ኮፍያ ፎቶ ላይ ያምራል!

በመጨረሻ ታኅሣሥ ውስጥ፣ እህሉ ከአውድማ እየገባ ሳለ፣ ቀኑ ተገኘ። ሾፌሩ ያለው አንዲት ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ሥራ ይዟል። ከመሸ በኋላ በዚያ መንገድ አልነዳም ብሎም አስቀድሞ ተናግሯል። በዋዜማው ማታ ወንዱ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እምዬ፣ አንድ ነገር አሰብኩ። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ይበሉ። ጋቢ እናለብስዎታለን። ማንም አያይዎትም። ከተማዋን እስክናልፍ ብቻ ነው።»

«እንደ ጆንያ?»

«እንደ ተኛ ሰው።»

ቀስ ብዬ አሰብኩት። የአጎቴን ልጅ ባል አገር አልቅሶለታል፤ አርባውም ወጥቶለታል። በሳምንቱ በአውቶቡስ መጥቼ፣ የለቅሶ ነጠላዬን ለብሼ በወጉ አለቅስለታለሁ። እህቴ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልደረሰላትም። ለቅሶም ወረፋ ካለው የእሷ ይቀድማል። «እሺ» አልኩ።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ደብረ ታቦር እንዲያው ሻይ ለመጠጣት ብለን ቆምን፤ ልጆቹ የተራራውን ፎቶ ሲያነሡ፣ ሾፌሩ ጎማ ሲያስነፋ ፀሐይ ወጣች። «እንሂድ እንጂ» እላለሁ። «እየሄድን ነው እኮ እምዬ» ይሉኛል፣ ቆመው። እንደ ምንም የእስቴን መንገድ ያዝን። መካነ ኢየሱስ ስንቃረብ፣ ከመንገዱ በላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ስትታይ፣ ጋቢውን አልብሰው አጋደሙኝ። ከውስጥ ይሞቃል፣ የሰውነቴ አጥንት በየጉድጓዱ ይንገጫገጫል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ይቺን ከተማ ካለፍን ወገዳ ነው እያልኩ።

የገበያ ቀን ኖሯል! አንዳችንም አላሰብነውም። መኪናው ሄድ ቆም፣ ሄድ ቆም ይልና ፈጽሞ ቆመ። አህያው፣ በጉ፣ የገብስ ጆንያው፣ ሰዉ ዙሪያችንን ሞላው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ማን ይሰማዋል። ያኔ አንዲት ሴት በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች መሰለኝ፣ ድምፅዋን ሰማሁት።

«ውይ፣ የተኛው ሰው ምን ሆኖ ነው?»

ወንዱ ልጅ ደነገጠ። «አያቴ ናቸው፣ ታመው ነው» አለ።

«እግዜር ይማራቸው! ወዴት ትወስዷቸዋላችሁ?»

«ሐኪም ቤት።»

«ከወዴት መጣችሁ?»

«ከባሕር ዳር።»

አንድ ወንድ ጣልቃ ገባ። «ከባሕር ዳር ወደ ስማዳ ነው እንዴ ሐኪም ቤት? ዛሬ ዶክተሮቹ ሁሉ ወገዳ ገቡ?»

ሰዉ ሣቀ። ሴቲቱ ግን አልሣቀችም። «ተው እንጂ፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦባቸው ነው። አገሬ ልሙት ብለው ነው፤ አይገባህም?» አለችው። ከዚያ ጋቢውን በመስኮት እጇን ሰድዳ ከእግሬ ላይ ገለጥ አደረገች። ሴቷ የልጅ ልጄ «ኧረ ይተዉ፣ ይተዉ!» ትላለች። እዚያች ገበያ ውስጥ እግሬን እንኳ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ብዙም አልቆየ፣ አንድ ድምፅ ከሩቅ እየጮኸ መጣ፤ ገና ሳይደርስ አወቅሁት።

«እህቴን! እህቴን ወዴት ወሰዳችኋት! በእኔ ላይ በእኔ ላይ!»

የአጎቴ ልጅ ናት፤ የሽሮ እህል ልትሸምት ወጥታ። በሩን ከፍታ ላዬ ላይ ወደቀች። ምን ላድርግ? ጋቢውን ገልጬ ቁጭ አልኩ። ጩኸቷን አቆመች። አየችኝ። ልጆቹን አየቻቸው፤ ኮፍያቸውን፣ ጥቁር መነጽራቸውን፣ የልጅቱን ሱሪ። ከዚያ እንደ ገና እኔን።

«ደህና ነሽሳ» አለች።

«ደህና ነኝ።»

«ጋቢው ለብርድ ነው?»

ጋቢውን ከትከሻዬ ጣልኩት።

«እኔ ባሌ ሞቶ ጥቁሬን ሳላወልቅ አንቺ በጋቢ ተሸፍነሽ በደጄ ታልፊያለሽ? ለእኔ ነው ፊትሽን የደበቅሽው?»

የገበያው ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ወንዱ ልጅ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢላት፣ «አንተ ዝም በል፤ አንተን ማን ወለደህና ነው ጥፋት የምትሸከመው» አለችው። ከመኪና ወረድኩ። እዚያው መንገዱ ላይ አንገቷን አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ። የእውነቴን ነው፤ ባልዬው ደግ ሰው ነበር። አለቀሰች፣ አለቀስን፤ ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ጎረቤቱ «ከባሕር ዳር ለቅሶ መጡ» ብሎ ተሰበሰበ። ደረት ተመታ፣ ሙሾ ወጣ። ሾፌሩ ሳይቀር ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ቄሱ ተጠርተው ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ቂጣ መጣ፣ ንፍሮ መጣ፣ ጠላ መጣ፤ እህል ሳይቀምሱ ከሐዘን ቤት መውጣት የለም። እኔ እየጎረስኩ በበሩ በኩል ጥላውን አያለሁ። ጥላው ከግድግዳው ሥር ወጥቶ ግቢውን እያቋረጠ ነው።

ለአጎቴ ልጅ ነገሩን በጆሮዋ ነገርኳት። ለዋሻው፣ ለእህቴ ብዬ እንደ ሆነ። ቁጣዋ በረደ። «እሱንስ ሳትደበቂ ብትነግሪኝ በጠዋት ሸኝቼሽ ነበር እኮ» አለችኝ።

ሾፌሩ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ወገዳ ደርሰን፣ ገደል ወርደው፣ ተመልሰን… ይመሻል። አልችልም።»

«እኔን እዚህ ተዉኝና እናንተ ሂዱ» አልኩ። «ነገ በሚሄድ መኪና እሄዳለሁ።»

«እናቴ ትገድለኛለች» አለች ሴቷ ልጅ። «ይዣቸው እመለሳለሁ ብዬ ምዬላታለሁ።»

«እኔ እናቷ ነኝ! ማን ነው ለማን የሚፈቅደው?»

ብል ማን ሰማኝ። የአጎቴ ልጅም ከእነሱ ጋር ወገነች፤ «በዚህ ጉልበትሽ ብቻሽን የትም አትሄጂም» ብላ። ሁሉም ይወዱኛል። በፍቅራቸው ብዛት አንድ ስንዝር አላንቀሳቅስ አሉኝ። እንደ ሕፃን ብብቴን ይዘው መኪና ላይ አወጡኝ። መኪናው ፊቱን ሲያዞር የወገዳን መንገድ በኋላው መስታወት አየሁት፤ ባዶውን፣ ደረቁን፣ የሚኬድበትን መንገድ።

ስንመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ደብረ ታቦር ሳንደርስ መንገዱ ዳር አንድ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ አለ። ልጆቹ «ቁም፣ ቁም!» ብለው ወረዱ። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ተደግፈው፣ ቁጢጥ ብለው ፎቶ ተነሡ። ልጁ ስልኩን እያሳየኝ «እምዬ፣ አርበኞች የተሸሸጉበት ዋሻ ብዬ ለጥፌዋለሁ። ሰው ሁሉ እየወደደው ነው» ይለኛል።

«ይህ ከብት ዝናም የሚጠለልበት ነው» አልኩት። «ፋንድያው እግርህ ሥር አለ።»

«ምን ችግር አለው፣ ዋናው ታሪኩ ነው።»

ከዚያ እስከ ባሕር ዳር አላነጋገርኳቸውም። የያዝኩት ጧፍ ሙቀቱ አጣምሞት ነበር፤ እሱን እያቃናሁ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ አልተሄደም። በሚቀጥለው ዓመት ልጅቱ ተመረቀች፣ ልጁ ሥራ አገኘ። ባነሣሁት ቁጥር «እንሄዳለን እምዬ፣ ፕሮግራም እናውጣ» ይሉኛል። ያቺን ቃል ስሰማ ከቤት እወጣለሁ። ቀስ በቀስ መንገዱም አንዴ ሰላም ነው፣ አንዴ አይደለም የሚባል ሆነ፤ ጉልበቴም ከቀጭታው ወደ ዝምታው ሄደ። ለአጎቴ ልጅ በየጊዜው ሄጄ አብሬያት እቀመጣለሁ። እሷ ስቃ ይቅር ብላኛለች፤ ጋቢ ለብሼ ባየችኝ ቁጥር «ዛሬስ ከማን ነው?» ትለኛለች።

እኔ ግን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ስለዚያ ዋሻ አስባለሁ። እህቴን ብቻዋን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳይመጣላት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ክርስትና ስሟን እየጠራሁ ለድኾች እዘክርላታለሁ፤ ሆኖም ቦታዋን ሳልረግጥ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጮህላት፣ ግማሽ ነገር ሆኖ ይሰማኛል። ለልጆቹ ያላወጣሁት ቁጣ ይህ ነው። እነሱ አንድ የሽርሽር ቀን ነው የተበላሸባቸው።

ዘንድሮ ያቺ የእናቴ እህት ዓይኗን ልትታከም ባሕር ዳር መጣች። ልጄ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ አብረን አደርን። ጆሮዋ ስለማይሰማ እየጮህኩ ነው የማወራት፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶናል። ስለ እስቴው ቀን ነገርኳት፣ ዋሻውን እንድታሳየኝ ልመጣ እንደ ነበር። ግራ ገባት።

«ዋሻው ምን አለውና?»

«እህቴ አለችበታ!»

እናቴ በኋላ ለእሷ የነገረቻትን እንደ ቀላል ወሬ ነገረችኝ። ልጅቱ ዋሻው ውስጥ አልቀረችም። በሞተችበት ሌሊት እናቴ «ክርስቲያን ልጅ ድንጋይ ሥር አላስቀርም» ብላ አዘለቻት። የመንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ፣ ካህናቱ ተበትነው ነበር። ሲነጋ በጠላት ሰፈር በኩል አለፈች፤ የተኛ ልጅ እንዳዘለች ሴት እሹሩሩ እያለች። አንድ ጠብታ እንባ ሳይወጣት እስቴ ድረስ ወሰደቻት። መካነ ኢየሱስ መግቢያ ላይ ከመንገዱ በላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ልጇን አወረደች። ቄሶቹ ፈቷት፣ ከግቢው ውስጥ ተቀበረች። የዚያ መንደር ሴቶች እናቴንም ልጇንም አያውቋቸውም ነበር። ያንን ጊዜ ግን ሁሉም ከየቤታቸው ወጥተው፣ እስኪመሽ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱላት።